ከጉሮሮ እስከ ልብ በር፦ የሰውነታችን ጠባቂዎች ሲሳሳቱ

ለዚህ ሙከራ ሁለት ሰው ብቻ ያስፈልጋል፤ እናንተ እና ለአንድ ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ታናሽ ወንድም ወይም እህት። (ሁለተኛውን ማግኘት እንደሚከብድ እናውቃለን።) ልጁ አረፍ ብሎ ሲቀመጥ ጆሯችሁን ደረቱ ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ ለጥፉና አዳምጡ።

ሁለት ድምፅ ትሰማላችሁ። አንዱ ወፈር ያለ ነው፤ ሌላው ቀጠንና አጠር ያለ። ዱም–ታክ። ከዚያ ፋታ። ዱም–ታክ። ፋታ። እስኪ የሰማችሁትን በጭብጨባ ድገሙት። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው እኩል እኩል አድርጎ ያጨበጭባል፤ ያረፈ ልብ ግን እንደዚያ አይመታም፣ ትንሽ ያነክሳል። ከዱም እስከ ታክ ያለው ክፍተት አጭር ነው፤ ከታክ እስከሚቀጥለው ዱም ያለው ይረዝማል። ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ሲመታ አንዱ ዙር 0.8 ሴኮንድ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 0.3 ሴኮንድ ያህሉ ደም ለመጭመቅ፣ 0.5 ያህሉ ደግሞ ለማረፍና በደም ለመሞላት ይውላል።

አሁን ልጁን ደረጃ አስወጡት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ይሄ ቀላል ነው፤ ሊፍት የለም፣ እስከ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ሞልቷል። እንጦጦ ሥር ለምትኖሩም ዳገቱ አለላችሁ። እያለከለከ ሲመለስ እንደገና አዳምጡ። ምቱ እንደሚፈጥን ማንም ይገምታል። ግን ያጠረው የትኛው ክፍተት ነው? የመጭመቂያው ጊዜ ያጠረው በጥቂቱ ነው፤ ብዙ የተቆረጠበት የማረፊያውና የመሙያው ጊዜ ነው። ለዚህ ነው አሁን ምቱ እኩል እኩል የሚመስለው። ይህን ያዙልን፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ድምፁ የሚመጣው ከየት ነው? ልብ ውስጥ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቁ አራት በሮች አሉ፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ዱም የሚለው ወደ ታችኞቹ ክፍሎች የሚያስገቡት ሁለቱ በሮች ሲዘጉ ነው። ታክ የሚለው ደግሞ ከልብ የሚያስወጡት ሁለቱ ሲዘጉ። ከአራቱ ዛሬ የምናተኩረው በግራ በኩል ባለው መግቢያ በር ላይ ነው፤ ስሙ ሚትራል ይባላል። ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የመጣው ደም በሙሉ የሚያልፈው በእሱ ነው። ቅጠል የመሰሉ ሁለት ስስ ክንፎች አሉት፤ ውፍረታቸው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጤነኛ ሲሆን በዱምና በታክ መካከል ጸጥታ ነው።

ጸጥታው ሲጠፋ ሐኪሙ ያንን ነው የሚፈልገው። በር በደንብ ካልገጠመ ደም በቀዳዳው ወደ ኋላ ይረጫል፤ እንደ ላላ ቧንቧ "ሽሽ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ሬኔ ላኔክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1816 የመጀመሪያውን የልብ ማዳመጫ ከሠራ ወዲህ የሕክምና ተማሪዎች ከሚቸገሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህን ድምፅ መስማት ብቻ ሳይሆን ጊዜውን መለየት ነው። "ሽሽ" የሚለው ከዱም እስከ ታክ ባለው አጭር ክፍተት ውስጥ ከሆነ፣ ምናልባት ሚትራል ሳይገጥም ቀርቶ እያፈሰሰ ነው። ከታክ በኋላ ባለው ረጅም ክፍተት ውስጥ የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ ሚትራል ጠቦ ደም በጭንቅ እያለፈ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሴኮንድ ሽርፍራፊ ነው። ከበሮ የሚመታ ሰው ጆሮ እዚህ ላይ ይጠቅማል ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ይመጣል። በሀብታም አገሮች የልብ ቫልቭ ችግር በአብዛኛው የአዛውንቶች በሽታ ነው። እኛ አገር ግን ሐኪሙ ይህን "ሽሽ" የሚሰማው ብዙ ጊዜ በተማሪ ደረት ውስጥ ነው። ያ አዲስ ቫልቭ ምን አገኘው?

በክር የተሰካ ዶቃ

መልሱ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በማይክሮስኮፕ ስታዩት በክር የተሰካ ዶቃ ይመስላል። ልጆች በሚበዙበት ክፍል፣ አንድ አልጋ ለሦስት በሚተኛበት ቤት፣ በሳልና በትንፋሽ በቀላሉ ይተላለፋል። ጉሮሮ ያቆስላል፣ ያተኩሳል፣ ለመዋጥ ያስቸግራል። ከሳምንት በኋላ ልጁ ድኖ ኳስ ይጫወታል። በአብዛኛው ታሪኩ እዚህ ያበቃል።

በጥቂቶች ላይ ግን አያበቃም። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ጉሮሮው ፈጽሞ ከተረሳ በኋላ ትኩሳት ይመለሳል። ጉልበት ያብጣል፣ ሲሻለው ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚት ወይም ወደ ክርን ይዞራል። ቤተሰብ "ብርድ መታው፣ ቁርጥማት ነው" ይላል። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚይዘውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። መገጣጠሚያው ምንም ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ልብ ላይ ግን ምልክቱን ትቶ ሊሄድ ይችላል።

በጣም የሚገርመው ግን፣ የታመመው ቫልቭ ውስጥ ቢፈለግ ባክቴሪያው የለም። ጉሮሮን እንጂ ልብን አልነካም። ታዲያ ቫልቩን ማን አቆሰለው?

የራሳችን መከላከያ ሴሎች ናቸው።

ሁለትና ሦስት ሳምንት የፈጀበትም ምክንያት ይኸው ነው። ባክቴሪያ ወደ ሰውነት ሲገባ ፈጥነው የሚደርሱት ያገኙትን የሚውጡ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ስትሬፕቶኮከስ ግን በላዩ ላይ ኤም ፕሮቲን የሚባል ፀጉር መሳይ ነገር አብቅሏል፤ ይህ እንዳይዋጥ ይረዳዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ቡድን ይጠራል። ቢ ሴሎች የጠላቱን ቅርፅ አጥንተው በእሱ ላይ የሚገጥም ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ ያመርታሉ። ቲ ሴሎች ደግሞ ያንኑ ጠላት ለይተው ሌሎች ሴሎችን ያዝዛሉ። ይህ ዝግጅት ቀናትና ሳምንታት ይወስዳል።

ችግሩ ያለው ቅርፁ ላይ ነው። ኤም ፕሮቲን ሁለት ክር እርስ በርሱ እንደተገመደ ሹሩባ ነው። ሰውነታችን ውስጥም እንዲሁ የተገመዱ ፕሮቲኖች አሉ። አንዱ ሚዮሲን ነው፤ የልብ ጡንቻ የሚኮማተርበት ሞተር ማለት ነው። ከኋላቸው ሲታዩ በሹሩባቸው የሚመሳሰሉ ሁለት እህትማማቾችን አስቡ፤ አንቲቦዲና ቲ ሴል ደግሞ ፊት አያዩም፣ ትንሽ የቅርፅ ቁራጭ ነው የሚያዩት። ባክቴሪያውን ለመያዝ የተሠለፈው ኃይል በስህተት የቤቱን ሰው ይይዛል።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ያስቆመናል፦ "ሚዮሲን ያለው ጡንቻ ውስጥ ነው። ቫልቭ ደግሞ ጡንቻ አይደለም። ታዲያ ለምን ቫልቩ?" ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎችንም ለዓመታት አስጨንቋል። አሁን ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህን ይመስላል። ከእነዚሁ አንቲቦዲዎች አንዳንዶቹ በቫልቩ ገጽ ላይ ባለ ሌላ የተገመደ ፕሮቲን ላይም ይለጠፋሉ፤ ላሚኒን ይባላል። ይህ ሲሆን የቫልቩ ልባስ ይቆጣል። የተቆጣ ልባስ ደግሞ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ በደም ውስጥ እየተንሳፈፉ የሚያልፉ ቲ ሴሎች ይጣበቁበትና ሰንጥቀው ይገባሉ። ገብተውም ማክሮፋጅ የሚባሉ ትልልቅ በላተኛ ሴሎችን ይጠራሉ። ሉድቪግ አሾፍ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1904 በእነዚህ ሕሙማን ልብ ውስጥ የሴሎች ክምችት አይቶ መዝግቦ ነበር፤ እስካሁን በስሙ ይጠራል። ያኔ ግን ሴሎቹ ማንን እያሳደዱ እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም።

ማስረጃው የመጣው ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። በብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ሉዊዛ ጊልየርሜና ባልደረቦቿ ከሕሙማን ልብ ተቆርጠው የወጡ ቫልቮችን ወስደው በውስጣቸው ያሉትን ቲ ሴሎች ለዩ። ከዚያ የባክቴሪያውን ኤም ፕሮቲን ቁራጮች አሳዩአቸው፤ ሴሎቹ ነቁ። የልብ ፕሮቲን አሳዩአቸው፤ የዚያው ዓይነት ሴሎች እንደገና ነቁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን አሳተሙ። ለሁለት ሰው አንድ መጥሪያ ይዞ የተገኘ ፖሊስ እንደማለት ነው፤ የስህተቱ አሠራር በእጅ ተያዘ።

ለምን ጠባሳው ይቀራል?

በሩማቲክ ትኩሳት ጊዜ የልብ ጡንቻም ሊቆጣ ይችላል፤ ግን በአብዛኛው ይድናል። ቫልቭ የተለየ ነው። ጤነኛ ቫልቭ ስስ ስለሆነ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ አጠገቡ ከሚፈሰው ደም በቀጥታ ነው የሚመገበው። ሲቆጣ ግን አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች ያበቅላል። እናም በሚቀጥለው ጊዜ ቲ ሴሎቹ በልባሱ ሾልከው መግባት እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ መንገድ ተሠርቶላቸዋል።

"የሚቀጥለው ጊዜ" ያልነውን ልብ በሉልን። ክትባት የሚሠራው ሰውነታችን ጠላቱን ስለሚያስታውስ ነው፤ የማስታወሻ ሴሎች ለዓመታት ይቀመጣሉ፣ ጠላት ሲመለስ በሳምንታት ፋንታ በቀናት ውስጥ ይነሣሉ። በዚህ በሽታ ያው ጥሩ ችሎታ ጠላት ይሆናል። ልጁ እንደገና ጉሮሮውን በስትሬፕቶኮከስ ሲታመም፣ የተሳሳቱት ሴሎች ስህተታቸውን በደንብ አስታውሰው በፍጥነትና በብዛት ይመጣሉ። ቫልቩ እንደገና ይቆስላል፣ እንደገና ይጠግጋል። ጠባሳ ይወፍራል፣ ይኮማተራል፣ ሁለቱ ክንፎች ጠርዛቸው ላይ ይጣበቃሉ። መጀመሪያ የሚያፈስስ በር፣ ከዓመታት በኋላ የማይከፈት በር ይሆናል።

አሁን ወደ ደረጃው ሙከራ እንመለስ። ሚትራል ሲጠብ ደም ወደ ታችኛው ክፍል የሚሞላው በዝግታ ነው፤ ያ ረጅም የእረፍት ክፍተት በጣም ያስፈልገዋል። አረፍ ብሎ ሲቀመጥ 0.5 ሴኮንዱ ይበቃዋል፣ ልጁም ጤነኛ ይመስላል። ደረጃ ሲወጣ ግን የሚቆረጠው ያው ክፍተት ነው። ደሙ ሳይገባ ይቀርና ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባ ያጠራቅማል። ልጁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ትንፋሽ ያጥረዋል። "ሰነፍ ነው፣ ስፖርት አይወድም" ሲባል የሚኖረው ምናልባት እንዲህ ያለው ነው። ሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታወቀው ካደጉ በኋላ፣ በእርግዝና ወቅት ነው፤ የደም መጠን ግማሽ ያህል ሲጨምር ጠባቡ በር አይችለውም።

ምት የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል

የስህተቱ ጉዞ ልብ ላይ አይቆምም። ከእነዚሁ አንቲቦዲዎች አንዳንዶቹ አንጎል ውስጥ በጥልቀት የሚገኙ፣ ባዛል ጋንግሊያ የሚባሉ የሴል ስብስቦችን ይነካሉ። የእነዚህ ሥራ እንቅስቃሴን በጊዜው ማስጀመርና ማቆም ነው። ሲቆጡ ልጁ ሳይፈልግ እጁና ፊቱ ይወናጨፋሉ፣ ብርጭቆ ከእጁ ይወድቃል፣ ቆንጆ የነበረው የእጅ ጽሑፉ በአንድ ወር ውስጥ ይበላሻል። ሲተኛ ይቆማል። ቶማስ ሲደንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለገለጸው ሲደንሃም ኮሪያ ይባላል፤ ኮሪያ በግሪክኛ ጭፈራ ማለት ነው። ከጉሮሮው ሕመም ከአንድ እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል ማንም ሁለቱን አያገናኝም። መምህሩ "እያሾፈ ነው" ይላል፤ ጎረቤት "ለክፎት ነው" ይላል። ከልጁ ጋር ጠበል ለሚሄድ ቤተሰብ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ጤና ጣቢያም ውሰዱት፣ ልቡም ይታይ። ኮሪያው አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻላል፤ ቫልቩ ግን አብሮ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞች ይህን ለማወቅ የሚጠቀሙበት ፈተና በጣም ቀላል ነው፦ "ሁለት ጣቴን ጨብጠህ ያዝ፣ አትልቀቅ።" ጤነኛ ልጅ ጨብጦ ይቆያል። ኮሪያ ያለበት ልጅ ግን ጭብጡ እየጠበቀ እየላላ ይሄዳል፤ ላም እንደሚያልብ ሰው።

ባዛል ጋንግሊያ ሙዚቃ ስንሰማም ሥራ አይፈታም። ጄሲካ ግራንና ማቲው ብሬት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን በአንጎል ማሳያ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው የተለያዩ የምት ዓይነቶች አሰሟቸው። እግር የሚያስመታ፣ ወጥ ምት ያለው ሲመጣ እነዚህ ክፍሎች ይበልጥ ይሠሩ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግራን፣ ባዛል ጋንግሊያቸው የተጎዳ የፓርኪንሰን ሕሙማን እንዲህ ያሉ ምቶችን ለመለየት እንደሚቸገሩ አሳየች። እስክስታ ላይ ጭብጨባው ሲጀመር ትከሻችሁ ሳታዝዙት የሚነቃነቀው እንዲሁ በዋዛ አይደለም።

የራሳችሁን የጊዜ ችሎታ መለካት ከፈለጋችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ስቲቨንስ የተባለ ተመራማሪ የተጠቀመበት ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም ክፈቱ፣ በደቂቃ 100 አድርጉት፣ ጠረጴዛውን አብራችሁ ምቱ። ከ20 ምት በኋላ ድምፁን አጥፉና በራሳችሁ ቀጥሉ። ጓደኛችሁ በድምፅ ይቅዳው። ምቶቻችሁ ምን ያህል ይለያያሉ? ቀስ በቀስ ትፈጥናላችሁ ወይስ ትዘገያላችሁ? (ይህ ጨዋታ የልብ በሽታን አይመረምርም፤ ምት የሚስተው ሁሉ ታማሚ አይደለም፣ አንዳንዱ ሰው በቃ እንደዚያ ነው።)

አገራችን ውስጥ

በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል፤ በየዓመቱም ወደ 300,000 የሚጠጉት ይሞታሉ። በኢትዮጵያ በተለያዩ አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች በልብ አልትራሳውንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከ1,000 ተማሪዎች ወደ 19 የሚሆኑት ላይ ይህን ሕመም አግኝቷል። ትምህርት ቤታችሁ 1,000 ተማሪ ካለው፣ ሰልፍ ላይ ከቆሙት ውስጥ 19 ማለት ነው። አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፤ በየቀኑ ደብተራቸውን ይዘው የሚመጡ ልጆች ናቸው።

ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ የሕፃናት ልብ መርጃ ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲመሠርቱ፣ ቫልቩ የተበላሸ ልጅ ቀዶ ሕክምና የሚያገኘው ውጭ አገር ከተላከ ብቻ ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ በ2009 ሥራ ጀመረ። ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ቀዶ ሕክምና ደግሞ የታሪኩ መጨረሻ አይደለም። የብረት ቫልቭ የተደረገለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል፣ ደሙንም በየጊዜው ይመረመራል። በእኛ አስተያየት በቀዶ ሕክምና ብቻ ይህን ተራ መጨረስ አይቻልም፤ ከታች፣ ከጉሮሮው ካልተጀመረ ተራው እየረዘመ ነው የሚሄደው። በ2015 በአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው "የአዲስ አበባ መግለጫ" ተብሎ የሚታወቀውን ሰነድ ያወጡት የአፍሪካ የልብ ሐኪሞችም ካነሷቸው ሰባት እርምጃዎች አንዱ ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ እንዲገኝ ማድረግ ነው።

ሰንሰለቱ የሚበጠሰው የት ነው?

የመጀመሪያው ቦታ ጉሮሮ ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ስለሚመጣ ፀረ ባክቴሪያ አይፈልግም፤ ንፍጥና ሳል ካለው ብዙ ጊዜ ይሄኛው ነው። ድንገት የጀመረ፣ ትኩሳት ያለው፣ ሳል የሌለው፣ አንገት ላይ እጢ ያሳበጠ፣ ቶንሲል ላይ ነጭ ነገር ያሳየ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ እንኳ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል፤ አንቲቦዲውና ቲ ሴሉ ተዘጋጅተው ሳይጨርሱ ባክቴሪያው ይጠፋል። አንድ ደስ የሚል ነገር፦ ብዙ ባክቴሪያዎች መድኃኒት እየተላመዱ ባሉበት ዘመን፣ ይህኛው ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን እስካሁን አልተላመደም። ክኒን ከታዘዘ ግን 10 ቀኑን ሙሉ መጨረስ ነው፤ በሦስተኛው ቀን "ድኛለሁ" ብሎ የተረፈውን ለእህት ማስቀመጥ አይሠራም።

ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር? ጠጡ፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ባክቴሪያውን ግን አያጠፋም። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያደማል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ባክቴሪያውንም ከጉሮሮ አያስወጣም። እማማ ወይም አያት ካነሡት በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ንገሯቸው።

ሁለተኛው ቦታ አንዴ ስህተቱ የተፈጸመባቸው ልጆች ናቸው። የማስታወሻ ሴሎቹን ማጥፋት አንችልም። የምንችለው እንዳይቀሰቀሱ ማድረግ ነው፤ ይኸውም ባክቴሪያው ጨርሶ እንዳይመለስ በማድረግ። ለዚህ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በመርፌ ይሰጣል። ጡንቻ ውስጥ እንደ ትንሽ ግምጃ ቤት ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ደም ይለቀቃል። ያማል፣ አንዋሽም። ቢያንስ ለ5 ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመት ዕድሜ ይቀጥላል፤ ቫልቩ የተጎዳ ሰው እስከ 40 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ምንም ሳያማችሁ በየወሩ መወጋት እንዴት እንደሚከብድ አስቡት። ብዙዎች የሚያቋርጡት ለዚህ ነው።

ይጠቅማል ወይ? በኡጋንዳ፣ ጉሉ ከተማ አካባቢ፣ በአልትራሳውንድ ብቻ የሚታይ ቀላል የቫልቭ ጉዳት የተገኘባቸው 800 ያህል ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየወሩ መርፌውን ወሰዱ፤ ግማሾቹ አልወሰዱም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ካልወሰዱት ውስጥ 33 ልጆች ጉዳታቸው ተባብሶ ነበር። ከወሰዱት ውስጥ 3። ጥናቱ የታተመው በ2021 ነው፤ ተሳታፊዎቹ እንደ እናንተ ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች ነበሩ።

ክፍላችሁ ውስጥ በየወሩ አንድ ቀን ጠዋት የሚቀር፣ ከዚያ ትንሽ እያነከሰ የሚመጣ ልጅ ካለ ምናልባት መርፌውን ተወግቶ ነው። ደብተራችሁን አውሱት።

ክትባት ቢኖርስ? ተሞክሯል። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከኤም ፕሮቲን የተሠራ ክትባት ከወሰዱ ልጆች ጥቂቶቹ ላይ ሩማቲክ ትኩሳት ታየ፤ እስካሁን ያያችሁትን ካስታወሳችሁ ሥጋቱ ለምን ከባድ እንደሆነ ይገባችኋል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ክትባት እ.ኤ.አ. በ1979 ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ2006 ነው። አሁን ተመራማሪዎች ከኤም ፕሮቲን ላይ የእኛን የማይመስለውን ቁራጭ ብቻ እየመረጡ ይሠራሉ። ሌላው ችግር የኤም ፕሮቲን ዓይነቱ ከ200 በላይ መሆኑ ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚበዙትም ከአፍሪካዎቹ ይለያሉ። በ2006 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ጤነኛ ተማሪዎች ጉሮሮ ላይ የተደረገ ጥናት እጅግ ብዙ የተለያዩ ዓይነቶች አግኝቷል። እዚያ ለሚገኙት ዓይነቶች ተመርጦ የተሠራ ክትባት፣ የካ አባዶ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚዞረውን ባክቴሪያ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ የእኛዎቹን ዓይነቶች መሰብሰብና መመዝገብ እዚሁ፣ በእኛ ቤተ ሙከራዎች የሚሠራ ሥራ ነው፤ ባዮሎጂ ለምትወዱ ገና ብዙ የሚቀር።